ቅጠሉን ቢጫ ያደረገው የተጣራው ውሃ ነበር

ቤት ውስጥ የማሳድገው ተክል የታችኛዎቹ ቅጠሎቹ ቢጫ ሆኑ፤ ጅማታቸው ብቻ አረንጓዴ ቀረ። ተባይ መስሎኝ ስንት ቀን ቅጠል ስገለብጥ ከረምኩ! ለካ ጥፋቱ የእኔው ነው፤ ንጹሕ ይጠጣ ብዬ ለወራት በሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውሃን በግፊት እጅግ ረቂቅ በሆነ ስስ ወንፊት የሚያሳልፍ ማጣሪያ) የተጣራ ውሃ ብቻ ሳጠጣው ነበር። ማጣሪያው ካልሲየምና ማግኒዥየምንም ይዞ ያስቀራል፤ ማዳበሪያዬ ውስጥ ደግሞ ሁለቱም የሉም። ማግኒዥየም ሲያጥረው ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል ወስዶ ለአዲሱ ይሰጣል፣ ቢጫው ከታች የሚጀምረው ለዚህ ነው።

አሁን ግማሽ የቧንቧ፣ ግማሽ የተጣራ እቀላቅላለሁ። የቧንቧውን ክሎሪኑ እንዲተን ክፍቱን አሳድረዋለሁ (ውሃው የታከመው በክሎራሚን፣ ማለትም በክሎሪንና በአሞኒያ ውህድ፣ ከሆነ ግን ማሳደር አይበቃም)። ቢጫዎቹ ቅጠሎች አላገገሙም፣ ቆረጥኳቸው፤ አዲሶቹ ደማቅ አረንጓዴ ሆነው ወጥተዋል። የቧንቧ ውሃችሁ አፈሩ ላይ ነጭ የማዕድን ቅርፊት የማይተው ከሆነ ለማጣሪያ ገንዘብ አታውጡ።