ጥያቄ ከመልቀቃችሁ በፊት

የጠቅላላ ዕውቀት ጥያቄ የምታዘጋጁ ልጆች፣ መልሱ አንድ ብቻ መሆኑን መጀመሪያ አረጋግጡ። እኔ ባለፈው ለደብረ ማርቆስ ጓደኞቼ «የዓባይ ምንጭ የት ነው?» ብዬ ቴሌግራም ላይ ለቀቅሁላቸውና ጉድ ፈላ! ግማሹ ጣና አለ፣ ሰከላ የተወለደው ደግሞ «ግሽ ዓባይ እያለ?» ብሎ ተነሳ፣ እስከ እኩለ ሌሊት ስንጨቃጨቅ አመሸን። ጥፋቱ የእኔ ነው። «ጣና የሚገባው ግልገል ዓባይ ከየትኛው ወረዳ ይነሳል?» ብል ኖሮ ሰከላ ተብሎ ያልቅ ነበር። ዓመት ስትጠይቁም የማን አቆጣጠር እንደሆነ ጻፉ። የዓድዋ ድል በእኛ 1888 ነው፣ በፈረንጆቹ 1896። ሳትገልጹ ሁለቱንም ምርጫ ውስጥ ከከተታችሁማ ስድቡን ቻሉት።