እምቢ፣ አይ፣ አይሆንም፦ «ሴክሲ ቢስት»ን በአማርኛ ሰብታይትል

«ሴክሲ ቢስት» የ2000 (እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝ ወንበዴዎች ፊልም ነው። ካዝና ሰባሪ የነበረው ጋል ከሚስቱ ከዲዲ ጋር ስፔን ፀሐይ ይሞቃል፤ ወንበዴው ዶን ሎጋን ከለንደን መጥቶ ለአንድ ዘረፋ ካልተመለስክ ብሎ ድርቅ ይላል። ጋልን «ጡረታ የወጣ» አትበሉት፤ የአበል ደብተር ያለው ያስመስለዋል። «እጁን የሰበሰበ» ይበቃል።

ትልቁ ሥራ የእንግሊዝኛው «ኖ» ላይ ነው። ጋል ስለሚፈራ አፉ ላይ «አይ ዶን፣ አልችልም»፣ «ይቅርብኝ» ይሂድለት። «እምቢ»ን ገና በመጀመሪያው ቀን ካባከናችሁት ፍርሃቱ ይጠፋል። ዶን ግን «ኖ»ውን ሲያዘንብበት የሰውየውን መልስ እየሻረ ነውና «አይሆንም! አይሆንም!» ይሁን። ጋልም ዶንም አንተ ይባባላሉ፤ የድሮ ጓዶች ናቸው፣ «እርስዎ» እዚህ ያስቃል።

ስድቡ በየዐረፍተ ነገሩ አለ። ሁሉንም ብትተረጉሙ አማርኛው ከእንግሊዝኛው ይከብዳል፤ የእናት ስድብ እኛ ዘንድ ነጠላ ሰረዝ አይደለም። ከአራት ስድብ አንዱን ብቻ አቆዩ፣ የቀረውን ኃይል ግሱ ይሸከመው፦ «ምን አባህ ታፈጣለህ?» ብዙ ይሠራል።

የለንደን የወንበዴ ቋንቋ በቃል በቃል ትርጉም ይበላሻል። በእንግሊዝ ወንበዴ አፍ «መንኪ» 500 ፓውንድ፣ «ፖኒ» 25 ፓውንድ ነው፤ ጦጣና ፈረስ ከጻፋችሁ አለቀ። «ግራስ» ጆሮ ጠቢ፣ «ፖሪጅ» እስር ቤት ነው። «ሸቤ ገባ» ጥሩ ነው፣ «ቃሊቲ ገባ» ግን ሰውየውን ከለንደን አንስቶ አዲስ አበባ ይጥለዋል። ለምን ስፔን የሚል ይኖራል፦ ከብሪታንያ ጋር የነበረው ወንጀለኛ አሳልፎ የመስጠት ውል በ1978 (እ.ኤ.አ.) አብቅቶ እስከ 1985 ስላልታደሰ ብዙ የለንደን ወንበዴ ወደ ደቡቡ ዳርቻ ኮበለለ። ይህን ስክሪን ላይ አትለጥፉ።

አማርኛ ግሱን መጨረሻ ያደርጋል። አንድ ዛቻ በሁለት ስክሪን ከተከፈለ ተመልካቹ ዛቻውን የሚያውቀው ተዋናዩ ዝም ካለ በኋላ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ስክሪን በግስ ዝጉ፤ ቢበዛ ሁለት መስመር፣ በመስመር እስከ 28 ፊደል፣ ከአንድ ሰከንድ ያላነሰ፣ ከስድስት ያልበለጠ።

ፋይሉን በዩቲኤፍ 8 (UTF-8) የፊደል አቀማመጥ አስቀምጡ። ጥያቄ ምልክት ከመጣ አቀማመጡ ተሳስቷል፣ ባዶ ሳጥን ከመጣ ደግሞ ማጫወቻው የግዕዝ ፎንት የለውም፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ጫኑ። ጽሑፉ መጀመሪያ ላይ ገጥሞ መጨረሻው ላይ ደቂቃዎች የሚርቅ ከሆነ፣ በሰከንድ ለ25 ፍሬም (ምስል) የተሠራው ሰብታይትል 23.976 ፍሬም ባለው ቅጂ ላይ እየሄደ ነው። ጊዜውን በእጅ አትግፉ፣ ሰብታይትል ኤዲት (Subtitle Edit) በተባለው ፕሮግራም ፍሬም ሬቱን ቀይሩና የመጨረሻውን ንግግር ብቻ አዳምጡ።