ድራግ ቴስት ወድቀሃል? ወደ ትራኩ የሚመልሰው መንገድ ይኸውልህ

ባለፈው ዓመት አንድ ማታ አሜሪካ ውስጥ ትራክ የሚነዳ የድሮ ባልደረባዬ ደወለልኝ። ድምፁ ልክ አልነበረም። «ወደቅኩ» አለኝ። ራንደም ለሚባለው ድንገተኛ ምርመራ ተጠርቶ ሽንቱ ውስጥ ማሪዋና ተገኝቷል። እንቅልፍ እምቢ ሲለው ከሱቅ የገዛውን ጋሚ (ማሪዋና ያለበት ከረሜላ) ይበላ ነበር፣ በሚኖርበት ስቴት ደግሞ ሕጋዊ ነው። ከመውደቁ ይልቅ ያስደነገጠኝ ግን ቀጥሎ የነገረኝ እቅዱ ነው፤ ካምፓኒውን ለቆ፣ ሁለት ሦስት ወር ድምፁን አጥፍቶ፣ ሌላ ስቴት ሄዶ አዲስ ሥራ ሊገባ። ይህን የመከሩት የእኛው ሹፌሮች ናቸው። ስለዚህ የማውቀውን እዚህ ልጻፈው፣ ነገ ደግሞ ሌላ ሰው እንዳይሳሳትበት።

መደበቅ አይሠራም። ከ2020 ጃንዋሪ 6 ጀምሮ ክሊሪንግሃውስ የሚባል የፌዴራል መዝገብ አለ። ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ያለው ሹፌር ምርመራ ከወደቀ ወይም አልመረመርም ካለ ስሙ እዚያ ይገባል። ማንኛውም የትራክ ካምፓኒ ከመቅጠሩ በፊት መዝገቡን ማየት ግዴታው ነው፣ ከቀጠረ በኋላም ቢያንስ በዓመት አንዴ ያያል። ቴክሳስ ብትሄድ ሚኒሶታ ያው ነው። ወደ ሥራ የመመለሻውን ሂደት ካልጨረስክ አምስት ዓመት ቢያልፍም ከመዝገቡ አይወጣም። ከ2024 ኖቬምበር 18 ወዲህ ደግሞ ባሰ፤ በመዝገቡ ላይ «የተከለከለ» የሚል ምልክት ያለበትን ሹፌር ሲዲኤል ስቴቱ በ60 ቀን ውስጥ ማውረድ አለበት። የቤት መኪናህን ትነዳለህ፣ ትራክ ግን የለም።

አሁን ከመጀመሪያው ልጀምር። ላቦራቶሪው ፖዘቲቭ ሲል ካምፓኒህ ከመስማቱ በፊት ውጤቱን የሚያጣራው ሐኪም ይደውልልሃል፤ ኤምአርኦ ይሉታል። የማታውቀው ቁጥር ነው ብለህ ስልኩን አትዝጋበት። ሐኪም ያዘዘልህ መድኃኒት ካለ የምትናገረው ያኔ ነው፤ የፋርማሲውን ስምና የማዘዣውን ወረቀት አዘጋጅ። እንግሊዝኛው ከፈጠነብህ ቀስ በሉ ብለህ አስደግም። ሳይገባቸው «የስ፣ የስ» ብለው የጨረሱ ሰዎች አውቃለሁ፣ በጣም ያሳዝናል። ማሪዋና ከሆነ ግን የስቴትህ ሕግም ሆነ የሐኪም ካርድ አያድንህም፣ ዲኦቲ (የፌዴራሉ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት) የሚሄደው በፌዴራል ሕግ ነው። ሲቢዲ ዘይት (ከማሪዋናው ዓይነት ተክል የሚወጣ) ነው የወሰድኩት ማለትም እንደ ምክንያት አይቆጠርም።

ሽንቱ የተሰጠው በሁለት ጠርሙስ ነው። ኤምአርኦው ውጤቱን ካረጋገጠልህ በኋላ ሁለተኛው ጠርሙስ በሌላ ላቦራቶሪ እንዲታይ ለመጠየቅ 72 ሰዓት አለህ። ገንዘብ የለኝም ብለህ አትተወው፤ ካምፓኒው ምርመራው እንዲካሄድ ማድረግ አለበት፣ ሒሳቡን በኋላ ሊጠይቅህ ይችላል። ምንም አልወሰድኩም የምትል ከሆነ በዚያው ቀን ጠይቅ። የወሰድክ ከሆነ ግን ብርህን ያዝ፣ ለሚቀጥለው ትፈልገዋለህ።

ከዚያ ከመሪው ትነሳለህ። ወዲያውኑ፣ ጭነቱ መንገድ ላይ ቢሆንም። ካምፓኒው ሊያባርርህ ይችላል፣ ሕጉ ሥራህን ጠብቅለት አይለውም። ቢያባርርህም ግን ሳፕ የሚባሉ የሱስ ጉዳይ ባለሙያዎችን ዝርዝር ሊሰጥህ ግዴታ አለበት፤ ካልሰጠህ ጠይቅ።

ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በዚህ ሳፕ በሚባለው ሰው ላይ ነው። የዲኦቲን ሥልጠና የወሰደ፣ በሱስ ጉዳይ የሚሠራ ባለሙያ ነው። የሰፈር ሐኪምህ ወይም የምታውቀው አማካሪ አይተካውም። ክሊሪንግሃውስ ላይ በራስህ አካውንት ገብተህ እሱን ትመርጣለህ፣ እሱም ይቀበላል። ካምፓኒ እስኪያደርግልህ አትጠብቅ፤ አንተ ካልጀመርከው ማንም አይጀምርልህም፣ ጓደኛዬም ስድስት ሳምንት ያባከነው በዚህ ነው። ክፍያው በአብዛኛው ከኪስህ ነው፣ መንግሥት የቆረጠው ዋጋም የለም፣ ስለዚህ ሁለት ሦስት ቦታ ደውለህ አወዳድር። በቪዲዮም ይሠራል፣ ከ2023 ጀምሮ ዲኦቲ በቋሚነት ፈቅዷል። «በአንድ ቀን አጸዳልሃለሁ» የሚልህን ሰው ሽሸው። አንዴ ከተገመገምክ በኋላ ውሳኔው አልጣመኝም ብለህ ሌላ ሳፕ ጋ መሄድም አይፈቀድም፣ ስለዚህ ከመምረጥህ በፊት አስብ።

ሳፑ ስለ ሕይወትህ ይጠይቅሃል። እንቅልፍህን፣ መጠጥህን፣ ቤትህን። እውነቱን ንገረው። እኛ ዘንድ ገመናን ለባዕድ ማውጣት ከባድ ነው፣ ይገባኛል፤ ግን የተሸፈነ ነገር ሲወጣ መንገዱን ያረዝመዋል። እንግሊዝኛ የማያመችህ ከሆነ ቀድመህ አስተርጓሚ ጠይቅ፣ ልጅህን ግን አስቀምጠህ አስተርጓሚ አታድርግ። ጫትም ከተነሳ ተናገር። ጫት ዲኦቲ በምርመራው ከሚፈልጋቸው የአደንዛዥ ዕፅ ዓይነቶች ውስጥ የለም፣ ብዙ ሰው በዚህ ይዘናጋል፤ ነገር ግን ትኩስ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ ከሄሮይን ጋር በአንድ መደብ የተቀመጠ ነው። ትራክ ውስጥ ይዞ መገኘትም ራሱን የቻለ ጥፋት ነው።

ከግምገማው በኋላ ትምህርት ወይም ሕክምና ያዝልሃል፤ «ምንም አያስፈልግህም» ማለት አይችልም። የጥቂት ሰዓት ትምህርት ሊሆን ይችላል፣ የወራት ሕክምናም ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱን የምስክር ወረቀት በስልክህ ፎቶ አንሳ። ስትጨርስ ተመልሶ ይገመግምህና ለመመለሻ ምርመራ ብቁ ነህ ብሎ መዝገቡ ላይ ይጽፋል። ልብ በል፣ ይህ ማለት ገና ነጻ ወጣህ ማለት አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተደስቶ ትራክ ላይ ሊወጣ ይሮጣል።

የመመለሻ ምርመራውን ራስህ ክሊኒክ ሄደህ ከፍለህ ማድረግ አትችልም። የሚያዝህ ካምፓኒ መኖር አለበት፤ የድሮው ወይም ሊቀጥርህ የፈለገ አዲስ። የራስህ ትራክ ያለህ ኦውነር ኦፕሬተር ከሆንክ የተመዘገብክበት ኮንሶርቲየም (ምርመራውን የሚያስተዳድርልህ ድርጅት) ያደርግልሃል። ሽንቱን ስትሰጥ ያንተው ጾታ የሆነ ሰው በዓይኑ እያየህ ነው። ያሳፍራል፣ አዎ። አልሰጥም ብለህ ከወጣህ ግን እንደ እምቢታ ይቆጠራል፣ እምቢታ ደግሞ ከመውደቅ እኩል ነው። ሽንት ካልመጣህ የሦስት ሰዓት ጊዜ አለህ፣ ውኃ ይሰጡሃል፣ ተረጋግተህ ተቀመጥ። ውጤቱ ነጌቲቭ ሆኖ መዝገቡ ላይ ሲገባ ያ «የተከለከለ» የሚለው ምልክት ይነሳል።

አዲስ ካምፓኒ መፈለጉ ነው ልብ የሚያደክመው። ትልልቆቹ ብዙዎቹ በራሳቸው ፖሊሲ አይቀበሉም። ትንንሾቹን ጠይቅ፣ በተለይ የሳፕ ሹፌር (በዚህ ሂደት ያለፈ) እንወስዳለን ብለው በግልጽ የሚያስተዋውቁትን። በመጀመሪያው ስልክ ራስህ ተናገር፤ ያዩታል፣ እና ከማመልከቻህ ጋር ካልገጠመ ያኔ የሚጎዳህ መውደቅህ ሳይሆን መዋሸትህ ነው። ጓደኛዬን ዘጠኝ ቦታ እምቢ ብለውት አስረኛው ወሰደው።

ከተመለስክ በኋላ በመጀመሪያዎቹ 12 ወራት ቢያንስ ስድስት ድንገተኛ ምርመራ አለብህ፣ ሳፑ ከፈለገ እስከ አምስት ዓመት ያስኬደዋል። እነዚህም እየታየህ ነው የሚደረጉት። ቀኑን አይነግሩህም። መደበኛው ራንደም ከነዚህ አይቆጠርም፣ ካምፓኒ ብትቀይርም እቅዱ ይከተልሃል። ስለዚህ ያንን የእንቅልፍ ጋሚ ከቤትህ አውጣው፣ ሄምፕ (የማሪዋና ዘመድ የሆነ ተክል) ተብሎ የሚሸጠውንም።

ሲዲኤልህ ወርዶ ከነበረ ምልክቱ መነሳቱ ብቻ መንጃህን አይመልስልህም። እያንዳንዱ ስቴት የራሱ አሠራርና ክፍያ አለው፤ ወደ ዲኤምቪ (መንጃ ፈቃድ ሰጪው ቢሮ) ከመሄድህ በፊት ደውለህ ምን ይዤ ልምጣ በል። የሜዲካል ካርድህ (ለመንዳት ጤነኛ ነህ የሚለው ወረቀት) ጊዜው አልፎ እንዳይሆንም እግረ መንገድህን አየው፣ ጓደኛዬን በመጨረሻዋ ቀን ከበር የመለሱት በሱ ነበር።