የሕዝብ ፒራሚድን ከስሙ በፊት እርከኑን አንብቡ

ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆችን ጂኦግራፊ አስጠናለሁ። የሕዝብ ፒራሚድ፣ ማለትም ሕዝቡን በዕድሜና በፆታ ከፍሎ ሕፃናትን ከታች አረጋውያንን ከላይ በእርከን የሚደረድር ሥዕል፣ ሳሳያቸው ሁሉም በአንድ አፍ «ግርጌው ሰፊ ነው፣ ታዳጊ አገር ነው» ይሉኛል። ልክ ናቸው። እዚያው ላይ ማቆማቸው ግን ያንገበግበኛል። እያንዳንዱ እርከን ሰው ነው።

መጀመሪያ አግድሙን መስመር እዩ። ቁጥር ነው ወይስ መቶኛ? ጅማን ከአዲስ አበባ ለማወዳደር የሚሆነው መቶኛው ነው። በቁጥር ከሆነ የጅማው ሥዕል ከአዲስ አበባው አጠገብ ኩርምት ብሎ ይቀራል። ወንዶች በግራ፣ ሴቶች በቀኝ ናቸው። አንዱ እርከን አብዛኛውን ጊዜ 5 ዓመት ይይዛል።

ቀጥሎ ግርጌው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከኢትዮጵያ ሕዝብ 45 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ነበር። ወደ ላይ ሲጠብ ግን ሁሉንም ለሞት አትስጡት። አሁን 60 የሞላቸው ሰዎች ሲወለዱም ቁጥራቸው ከዛሬ ሕፃናት ያነሰ ነበር።

በነጠላ ዕድሜ የተሠራ ፒራሚድ ካገኛችሁ ደግሞ 30፣ 40፣ 50 ላይ እርከኑ ዘለግ ይላል፤ 39 እና 41 ላይ ጉድጓድ ይሆናል። «ጦርነት ነው፣ ረሃብ ነው» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት አክስቴን አስቡልኝ። ቡና እየቆላች ዕድሜዋን ጠየቅኳት። ከምጣዱ ቀና ሳትል «ስልሳ በለው፣ ልጄ» አለችኝ። የዛሬ አምስት ዓመትም ስልሳ ነበረች። የልደት ካርድ የላትም፤ የምታስታውሰው በታላቅ ወንድሟ ሰርግ ጊዜ እንስራ መሸከም መጀመሯን ነው። ቆጣሪ ቤቷ ቢመጣም መልሷ ያው ነው። የእሷን ዓይነት መልስ ሲበዛ ነው ድፍን ቁጥር ላይ ሰው የሚከመረው።

ከተማ ላይ ከ15 እስከ 24 ያለው እርከን ከታቹ ገፍቶ ከወጣ፣ ወሊድ ቀንሶ ታቹ ጠብቦ ሊሆን ይችላል፤ ሰው መጥቶም ሊሆን ይችላል። ዩኒቨርሲቲ አለ? ሰው ቤት ልትሠራ ከገጠር የመጣች ልጅስ? የቀኙ ወገን ከረዘመ ሁለተኛውን ጠርጥሩ። ኳታር ደግሞ የግራው ወገን መሀል ላይ ይንዘረጠጣል፤ ለሥራ የሄዱ ጎልማሳ ወንዶች ናቸው።

በመጨረሻ እርሳስ ያዙና የ1987ን እና የ1999ን ቆጠራ ፒራሚዶች ጎን ለጎን አድርጉ። በመጀመሪያው ከ0–4 የነበሩት በሁለተኛው ከ12 እስከ 17 አካባቢ ናቸው። እነዚያኑ ልጆች ፈልጉና አክብቡ። የከተማ ከሆነና ቁጥራቸው ከጨመረ፣ ከየት እንደመጡ ጠይቁ። ከቀነሰም የት እንደደረሱ ጠይቁ።