ከ«በል እንጂ» በፊት፦ ጨቅላ አፉን ሲፈታ የምንሠራቸው ስህተቶች

ደሴ ውስጥ በክትባት ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። አንድ ልጅ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት፣ ኋላም ለኩፍኝ ክትባት በ9 ወሩ በእናቱ ታቅፎ ስለሚመጣ፣ አፉን ከመፍታቱ በፊት ያለውን ጉዞ በየደረጃው አያለሁ። የምጽፈው ተራ በሚጠበቅበት አግዳሚ ወንበር ላይ ደጋግሜ ስላየኋቸው ስህተቶች ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ «በል» ነው። እናት የ4 ወር ልጇን ወደ ፊቷ አቅርባ «እማ በል! በል እንጂ! እማ!» ትለዋለች። ልጁ አፏን ትክ ብሎ ያያል፣ እግሩን ያወራጫል፣ ከንፈሩን ያሞጠሙጣል፤ ድምፁ ሊወጣ ሲል ግን ሁለተኛው «በል» ይደርስበታል፣ በሦስተኛው ፊቱን ያዞራል። ከዚያ «ሲስተር፣ ይኼ ልጅ ሰነፍ ነው መሰለኝ» ትለኛለች። ልጁ ሊመልስ እየተሰናዳ ሳለ ተራውን ነጥቀንበት ሰነፍ ማለት ግፍ ነው። የጨቅላ ምላሽ ከእኛ እጅግ የዘገየ ነው፤ አንድ ድምፅ ለማውጣት ትንፋሹን፣ ምላሱንና ከንፈሩን ባንድነት ማዘዝ ይኖርበታል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ተናግራችሁ ዝም በሉ፣ በልባችሁ እስከ 10 ቁጠሩ፣ ዐይናችሁን ግን ከፊቱ አትንቀሉ።

ከዚህ «በል» በስተጀርባ ያለው እምነት ልጅ ይኮርጃል፣ እናት ታስኮርጃለች የሚል ነው። እናቶችና ጨቅላዎች ሲጫወቱ ቀርጸው የመረመሩ ባለሙያዎች ያገኙት ግን በመጀመሪያዎቹ ወራት አብዝታ የምትኮርጀው እናት መሆኗን ነው። እርሱ «አ…» ሲል እርሷም «አ…» ብላ ትመልስለታለች፣ እርሱም የራሱን ድምፅ በእናቱ አፍ ሲሰማ ሌላ ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2003 ማይክል ጎልድስቲንና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት፣ የ8 ወር ገደማ ልጃቸው ድምፅ ባሰማ ቅጽበት ፈገግ ያሉለት፣ የተጠጉትና የዳሰሱት እናቶች ልጆች፣ ይኸው ፈገግታና ዳሰሳ ከድምፃቸው ጋር ሳይገጥም ከተሰጣቸው ልጆች ይልቅ ወደ ንግግር የቀረበ ድምፅ አውጥተዋል። ፍቅሩ በሁለቱም ወገን ነበረ፤ ልዩነቱን ያመጣው የምላሹ ሰዓት ነው። እናቶችን የምለምናቸውም ይህንኑ ነው፦ ልጁ ያለውን መልሳችሁ በሉለት።

ሁለተኛው ስህተት ፊትን መሸፈን ነው። ከጦሳ ተራራ የሚወርደውን ብርድ አውቀዋለሁና ከቤት ሲወጣ ልጁን በጋቢ መጠቅለል ያስፈልጋል፤ ዐይን ይበላዋል የሚለውን የአያቶች ሥጋትም አልንቅም። የሚያሳዝነኝ ግን ቤት ውስጥም፣ ጡት ሲጠባም፣ የነጠላው ጫፍ ከፊቱ ላይ የማይነሣለት ልጅ ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን አጥርቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር የሚርቀውን ሲሆን፣ ይህም በእቅፍ ሲሆን ፊቱ ከእናቱ ፊት የሚርቀው ያህል ነው። ከ«መ» እና ከ«በ» ጋር የሚተዋወቀው በጆሮው ብቻ ሳይሆን ከንፈሯ ሲገጥምና ሲላቀቅ በማየትም ነው። አንዲት አያት ይህን ካስረዳኋቸው በኋላ «እንግዲያው እንግዳ ሲገባ ብቻ እሸፍነዋለሁ» አሉኝ፤ እኔም በዚሁ ተስማማሁ።

ሦስተኛውን ስህተት የሠራሁት ራሴ ነኝ። አንድሩ ሜልትዞፍና ኪት ሙር እ.ኤ.አ. በ1977 ከ12 እስከ 21 ቀን የሆናቸው ሕፃናት ምላስ ማውጣትንና አፍ መክፈትን እንደሚኮርጁ ጽፈው ነበር። ይህን እንደተረጋገጠ እውነት ይዤ አራስ እናቶችን «ምላስሽን አውጪለት፣ ያወጣልሻል» እላቸው ነበር፤ ብዙዎቹ ሕፃናት አላወጡም፣ አንዲት እናትም ልጄ ጉድለት አለበት ብላ አለቀሰችብኝ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ 106 ሕፃናትን በተለያየ ዕድሜያቸው የተከታተለ ጥናት ሕፃናቱ ይኮርጃሉ የሚያሰኝ ማስረጃ እንዳላገኘ አስታወቀ፤ ክርክሩም ቀጥሏል። ስለዚህ የጥቂት ቀን ልጅ ምላስ አላወጣም ብላችሁ አትጨነቁ፣ ሌላውንም አታስጨንቁ። ድምፅን በተመለከተ ግን ከ12 እስከ 20 ሳምንት ያሉ ጨቅላዎች አ፣ ኢ፣ ኡ ሲሰሙ የራሳቸውን ድምፅ ወደ ሰሙት እንደሚያስጠጉ ፓትሪሻ ኩልና ሜልትዞፍ እ.ኤ.አ. በ1996 አሳይተዋል።

ስልክ ከፍቶ ልጁ ፊት ማስቀመጥም እየበዛ መጥቷል። ኩልና ባልደረቦቿ ለ9 ወር አሜሪካውያን ሕፃናት የቻይንኛ ድምፆችን ሲያሰሙ፣ አጠገባቸው ተቀምጦ ካጫወታቸው ሰው የሰሙት ድምፆቹን መለየት ተማሩ፤ ያንኑ በቪዲዮ ያዩት አልተማሩም። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ1 ዓመት በታች ላለ ልጅ ስክሪን አይመክርም።

ከኮምቦልቻ አካባቢ የሚመጡ ኦሮምኛ ተናጋሪ እናቶች «ልጁ እንዳይምታታበት» ተብለው ለልጃቸው በአማርኛ ብቻ ሲያወሩ አያለሁ። እናት በልጅነቷ እሹሩሩ የተባለችበትን ቋንቋ ለልጇ ትናገረው፤ ጨቅላ ሁለት ቋንቋ ባንድነት መልመድ ይችላል።

ዘግይቶ የሚናገር ልጅን ምላሱን ወይም እንጥሉን ለማስቆረጥ ባህላዊ ቆራጭ ጋ መውሰድ ፈጽሞ አይደረግም፤ ደም መፍሰስና መመረዝ ያስከትላል እንጂ አፍ አይፈታም።

የመጨረሻው ስህተት «አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረው» እያሉ መጠበቅ ነው፤ ይህንንም ሠርቼዋለሁ። ጆሮው የማይሰማ ልጅም በመጀመሪያዎቹ ወራት «አ…»፣ «ኡ…» ስለሚል ቤተሰቡን ያዘናጋል። የሚሰማ ልጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ 10 ወር ሳይሞላው «ባባባ»፣ «ዳዳዳ» እያለ መደርደር ይጀምራል። ለ9 ወር ክትባት የመጣች አንዲት እናት «ሲስተር፣ የኔ ልጅ ዝም ይላል» ስትለኝ፣ ወረፋው ረዝሞ ነበርና «ወንድ ልጅ ይዘገያል፣ አይዞሽ» ብዬ ሸኘኋት። ልጁ እንደማይሰማ የታወቀው 3 ዓመት ሊሞላው ሲል ነው። ከዚያ ወዲህ ወረፋው የቱንም ያህል ቢረዝም መርፌውን ከማንሣቴ በፊት እናቲቱን «ምን ምን ይላል?» እላታለሁ፤ መደርደር ካልጀመረም ወደ ጆሮ ሐኪም የሚወስዳትን ወረቀት እዚያው እጽፍላታለሁ።