በተሻሻለ የድሮ ሞተር ሳይክል ላይ የካርቡሬተር ጄት አመራረጥ

እ.ኤ.አ. በ1978 ለገበያ የቀረበው ያማሃ ኤስ አር 500፣ 499 ሲሲ አንድ ሲሊንደርና ሚኩኒ የተባለው ፋብሪካ የሠራው ባለ 34 ሚሊ ሜትር ካርቡሬተር (አየርና ቤንዚን የሚያደባልቀው ክፍል) ያለው፣ ለማሻሻል የሚመች ሞተር ሳይክል ነው። ባለቤቶቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት የፋብሪካውን ማርሚታ በቀላል በመቀየርና የአየር ማጣሪያውን ሣጥን አውጥተው በምትኩ ሾጣጣ ማጣሪያ በመግጠም ነው። ያን ጊዜ ሞተሩ ከቀድሞው የበለጠ አየር ይስባል፤ ጄቶቹ፣ ማለትም ቤንዚኑን መጥነው የሚያሳልፉት ቀዳዳ ያላቸው ትንንሽ የናስ ቁራጮች፣ የተመረጡት ግን ለቀድሞው አየር ስለሆነ ድብልቁ ነዳጅ ያጥረዋል። ነዳጅ ያጠረው ሞተር ከመጠን በላይ ይግላል፤ በከፍተኛ ፍጥነት ለረጅም ጊዜ ከተነዳ ፒስተኑን እስከማቅለጥ ሊደርስ ይችላል።

በዚህ ጊዜ ሁሉም የሚጠይቀው «ስንት ቁጥር ልግዛ?» የሚለውን ነው። የሌላ ሰው ቁጥር በሌላ ማርሚታ፣ በሌላ ማጣሪያና በሌላ ከፍታ ላይ የተገኘ ስለሆነ ለመነሻ እንጂ ለመድረሻ አይሆንም። ከዚያ በፊት ደግሞ መታየት ያለበት ነገር አለ፦ የቫልቮች ክፍተት፣ የካንዴላው ብልጭታ፣ በካርቡሬተሩ ጽዋ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ የሚጠብቀው የነዳጅ ደረጃ፣ በተለይም ካርቡሬተሩን ከቴስታታው (ከሲሊንደሩ ክዳን) ጋር የሚያገናኘው ጎማ። ይህ ጎማ ከአርባ ዓመት በላይ ሲያገለግል ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የሚገባው አየር የጄት ማነስ መስሎ ስለሚታይ ብዙ ሰው ጎማ መቀየር ሲገባው ጄት ሲቀያይር ይከርማል። ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጠው በዝቅተኛ ዙር) እየሠራ በጎማው ዙሪያ ውኃ ሲረጭ ድምፁ ከተለወጠ ጥፋቱ እዚያው ነው።

ቀጥሎ በነዳጅ መስጫው እጀታና በመሪው ላይ ፕላስተር ለጥፎ ዝግ፣ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት አራተኛና ሙሉ ክፍት የሆኑትን ቦታዎች በእስክሪብቶ ምልክት ማድረግ ይገባል። ካርቡሬተሩ የሚታዘዘው የሞተሩን ፍጥነት ሳይሆን የእጀታውን መከፈት ስለሆነ ይህ ርካሽ ፕላስተር ከብዙ ውድ መሣሪያ ይበልጣል። ከዝግ እስከ ሩብ ገደማ የሚገዛው ትንሹ የሚኒሞ ጄት ሲሆን በዚያው መጨረሻ ላይ እጀታው የሚያነሣው የካርቡሬተሩ ተንሸራታች በር ግርጌ አቆራረጥ ይታከልበታል፤ ከሩብ እስከ ሦስት አራተኛ ከበሩ ጋር የሚነሣው መርፌና መርፌው የሚገባበት ቱቦ ይገዛሉ፤ ከዚያ በላይ ያለው የዋናው ጄት ነው። ስለዚህ በግማሽ ክፍት ላይ የሚያንገራግር ሞተር ዋናው ጄት ቢቀየርለት ችግሩ ከቦታው አይነቃነቅም።

ቁጥሮቹ ራሳቸው የሚያሳስቱበት መንገድ አለ። ኬሂን በተባለው ሌላ የካርቡሬተር አምራች ጄቶች ላይ የተቀረጸው ቁጥር የቀዳዳው ስፋት (ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ያለው ልክ) በመቶኛ ሚሊ ሜትር ነው፤ 120 ማለት 1.20 ሚሊ ሜትር ነው። በሚኩኒ ባለ ስድስት ጎን ዋና ጄቶች ላይ ያለው ቁጥር ግን የፍሰት መጠን ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ በስፋት የሚቆጠረው ጄት ከ110 ወደ 120 ሲያልፍ የቀዳዳው ስፍራ 19 በመቶ ያህል ሲጨምር፣ በፍሰት የሚቆጠረው በተመሳሳይ ቁጥር የሚጨምረው 9 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ የአንዱን ቁጥር ለሌላው መዋስ አይቻልም።

ከፍታም በዚሁ ስሌት ውስጥ ይገባል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ በመሆኗ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ነዳጁ ግን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ለባሕር ጠለል በትክክል የተመረጠ ጄት አዲስ አበባ ላይ ድብልቁን 15 በመቶ ገደማ ነዳጅ ያበዛበታል። ለማካካስ የጄቱ ቀዳዳ ስፍራ በ13 በመቶ ያህል መቀነስ አለበት፤ በፍሰት የሚቆጠር 280 ወደ 240 ወይም 250፣ በስፋት የሚቆጠር 120 ደግሞ ወደ 112 ይወርዳል ማለት ነው። የውጭ አገር ሰዎች ማጣሪያና ማርሚታ ሲቀይሩ ዋናውን ጄት ከሁለት እስከ አራት ደረጃ (አንድ ደረጃ ማለት ቀጥሎ ያለው የጄት ቁጥር ነው) ከፍ ያደርጋሉ፤ እዚህ ግን ከፍታው የዚያን ጭማሪ ብዙውን ክፍል ስለሚበላው አንዳንዱ ሞተር ከፋብሪካው ቁጥር ብዙም ሳይርቅ ሊስተካከል ይችላል።

ሥራው ከዋናው ጄት ቢጀመር ይሻላል፤ ሞተሩን የሚያቃጥለው ስህተት የሚደርሰው በእርሱ ክልል ነውና። መነሻው ሆን ተብሎ ነዳጅ የሚያበዛ ጄት ሆኖ በአንድ ደረጃ እየቀነሱ መውረድ ነው፤ የበዛ ነዳጅ ካንዴላ ሲያጠቁር ያነሰ ነዳጅ ፒስተን ይበሳል። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ መኪና በማይበዛበት ዳገታማ መንገድ ላይ በሦስተኛ ወይም በአራተኛ ማርሽ እጀታውን ሙሉ ከፍቶ ጥቂት መሄድ፣ ከዚያም በጣም ትንሽ መመለስ ነው። ሲመለስ ጉልበት ከጨመረ ነዳጅ አጥሮታል፤ ሙሉ ሲከፈት የሚታነቅና ጥቁር ጭስ የሚያወጣ ከሆነ በዝቶበታል። ለማረጋገጥ አዲስ ካንዴላ ገጥሞ በሙሉ ክፍት ጥቂት ከነዱ በኋላ ፍሪስዮን ይዞ ወዲያው ሞተሩን ማጥፋትና ካንዴላውን መፍታት ነው። የሚታየው ጫፉ ሳይሆን የነጩ ሸክላ ሥር ነው፤ በዚያ ቀጭን ቡናማ ቀለበት መኖር አለበት፤ ፍጹም ነጭ ከሆነ ሳይነዱ ጄቱን ማሳደግ ይገባል።

መርፌው ከላይ ወደ ታች የሚቆጠሩ ጎድጓዶች አሉት። በአንዱ ጎድጓድ ተሰክቶ መርፌውን የሚይዘው ክሊፕ ወደ ላይኛው ጎድጓድ ሲወጣ መርፌው ዝቅ ብሎ ነዳጅ ይቀንሳል፤ ወደ ታች ሲወርድ ይጨምራል። አንድ ጎድጓድ ብቻ ቀይሮ መሞከር በቂ ነው።

ለሚኒሞው ጄት ፈራጁ የማስተካከያው ብሎን ነው። ብሎኑ በማጣሪያው በኩል ከሆነ የሚያስተካክለው አየር ነው፤ ወደ ውጭ ሲዞር ነዳጅ ያሳንሳል። በሞተሩ በኩል ከሆነ ግን የሚያስተካክለው ነዳጅ ስለሆነ ውጤቱ ተቃራኒ ነው፤ ይህን ሳያጣሩ የሚዞር ካቻቢቴ ብዙ ሰዓት አባክኗል። በአየር ብሎን ላይ ሚኒሞው የሚረጋው ብሎኑ ሙሉ ከተዘጋበት ተቆጥሮ ከአንድ ዙር በታች ከሆነ ጄቱ ትንሽ ነው፤ ከሁለት ዙር ተኩል በላይ ከሆነ ትልቅ ነው። ነዳጅ የበዛበት ሞተር እየሞቀ በሄደ ቁጥር ሲከፋ፣ ያጠረው ደግሞ በብርድ ጊዜ ይብሳል።

አንድ ጊዜ ከአንድ መለዋወጫ መደብር በተከታታይ ቁጥር ሦስት ጄቶች ገዝቼ መካከለኛው ከትልቁ ይልቅ ነዳጅ ሲያበዛ ሁለት ቅዳሜ አባክኛለሁ። በኋላ ስመለከታቸው ትክክለኛዎቹ የሚኩኒ ጄቶች የሚይዙት በአራት ማዕዘን ውስጥ ያለ ትንሽ አራት ማዕዘን ምልክት በአንዳቸውም ላይ አልነበረም። ጄትን በመሰርሰሪያ ማስፋትም ያው ነው፤ ቀዳዳው ከተቧጨረ ቁጥሩ ትርጉም ያጣል።

ለአዲስ አበባ የተስተካከለ ሞተር ወደ አዋሽ ወይም ወደ ድሬዳዋ ሲወርድ ድብልቁ ከ5 እስከ 7 በመቶ ነዳጅ ያጥረዋል። ስለዚህ በአንድና በሁለት ደረጃ የሚበልጡ ዋና ጄቶች ከመፍቻው ጋር በኪስ ይያዙ፤ በብዙዎቹ ክብ በር ባላቸው ሚኩኒዎች ላይ ዋናው ጄት ካርቡሬተሩ ሳይወርድ ከጽዋው ሥር ባለው ትልቅ ብሎን በኩል ይፈታል፤ የነዳጁን ቧንቧ ዘግቶ፣ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ከሥሩ ጨርቅ አንጥፎ።