ውሃው አልፈላ ሲለን

ባለቤቴ እንግሊዛዊ ነው፤ ያለ ሻይ ቀኑ አይጀመርም። ከለንደን ወደ ሜሪላንድ ስንዛወር የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያውን ይዞ መጣ። አዳፕተር ገዝተን ሰካነው። መብራቱ በራ፣ ውሃው ግን ከታች ትንንሽ አረፋ ይዞ ዝም! ሰውዬው የሻይ ከረጢቱን ኩባያ ውስጥ ከትቶ አጠገቡ ቆሟል።

ማፍያውን ገልብጬ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አነበብኩ፦ ከ220 እስከ 240 ቮልት፣ 3000 ዋት። የአሜሪካ ሶኬት የሚሰጠው 120 ቮልት ነው። አዳፕተር ደግሞ የመሰኪያውን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አይቀይርም። ቮልቱ በግማሽ ሲወርድ ጉልበቱ ወደ ሩብ ገደማ ነው የሚወርደው። ስለዚህ ከ3000 ዋቱ የቀረን 800 አካባቢ ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይዛችሁ የምትመጡም ልብ በሉ፤ የአገራችን መብራትም 220 ነው።

ትራንስፎርመር ልግዛ ብዬ ነበር። ተውኩት። ተራው የግድግዳ መስመር ባለ 15 አምፔር ነው፤ ከ1800 ዋት በላይ አይችልም። 3000 ዋት ከየት ይመጣል?

መፍትሄው እዚያው ኩሽና ውስጥ ተገኘ። እዚህ ትልቁ የኤሌክትሪክ ምድጃ የራሱ የ240 ቮልት መስመር አለው። ሲፈላ የሚያፏጭ የብረት ማንቆርቆሪያ ገዛሁና ሰፊው ምድጃ ላይ ጣድኩት። የሚጠጣውን ያህል ብቻ ከቀዳችሁ ቶሎ ይፈላል። ለቢሮው ደግሞ እዚሁ የሚሸጠውን ባለ 1500 ዋት ማፍያ ገዛንለት። ከለንደኑ እጥፍ ጊዜ ይፈጃል፣ ግን ያፈላል። ባልደረቦቹ ለቡና እየተሻሙበት ነው አሉ።